የናስ መስቀልን ወርቅ ማልበስ፦ ለባሕር ዳር አነስተኛ ወርክሾፕ የአሠራር መመሪያ

ወርቅ ቅብ ሲላጥ ወይም ሲጠቁር መጀመሪያ የሚወቀሰው ውህዱ፣ ማለትም ወርቁን የያዘው ፈሳሽ ነው። «አርጅቷል»፣ «ወርቁ አልቋል» ይባላል፤ በውድ ዋጋ አዲስ ጠርሙስ ይገዛል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ዕቃው ወርቁ ውስጥ ከመነከሩ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ነው፦ ጥጋጥጉ ውስጥ የቀረ የፖሊሽ ሰም፣ አየር ላይ የቆየ ኒኬል (ከወርቁ ሥር የሚለበሰው መደብ)፣ በቧንቧ ውሃ የተደረገ የመጨረሻ እጥበት። ስለዚህ እዚህ ለዝግጅቱ ሰፊ ቦታ ሰጥተናል። ገጽታው በደንብ ከተዘጋጀ የወርቁ ሥራ ራሱ ስድስት ደቂቃ አይሞላም።

ለምሳሌ የያዝነው አዲስ የተሠራ የናስ የአንገት መስቀል ነው፦ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 8.9 ግራም፣ መሐሉ ጥልፍልፍ። ዓላማው 1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ወርቅ በኤሌክትሪክ ማልበስ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ከጣና ገዳማትም ሆነ ከሌላ ደብር የመጣ አሮጌ መስቀል፣ ጽና ወይም ጽዋ «እንዲያምር» ተብሎ ወርቅ አይለብስም። ማለስለሻው ብቻውን የዘመናት ቅርጽ ያጠፋል፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም። የሚከተለው ሁሉ ለአዲስ ዕቃ ነው።

የትኛው ውህድ?

ለወርቅ ማልበሻ ገበያ ላይ ያሉት ውህዶች በሁለት ትልልቅ ወገኖች ይከፈላሉ። አንደኛው ወርቁ ከሳይናይድ ጋር የተያያዘበት ነው። ፋብሪካዎች ይወዱታል፤ ለዓመታት ይቆያል፤ ጥቂት ኮባልት ሲጨመርበት ጠንካራና የማይፋቅ ወርቅ ይሰጣል። ነገር ግን አሲድ ድንገት ከገባበት የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ የፈሰሰው ደግሞ ለዓሣ እጅግ በትንሽ መጠንም መርዝ ነው። ጭስ መምጠጫ፣ የተለየ ክፍልና የቆሻሻ ማከሚያ ለሌለው፣ ከሐይቁ ዳር ለተቀመጠ ወርክሾፕ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ አሠራሩን አናስተምርም።

ሁለተኛው የወርቅ ሰልፋይት ነው። ሳይናይድ የለውም፤ ደማቅ ቢጫና ንጹሕ ወርቅ ይጥላል፤ ቅቡም ጥጋጥጉ ውስጥ ሳይቀር በደንብ ይደርሳል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ የሚጥለው ወርቅ ለስላሳ በመሆኑ በየቀኑ ለሚፋተግ ቀለበት ቶሎ ይሳሳል፤ ውህዱም ካልተንከባከቡት ይፈርሳል። ለመስቀል፣ ለጉትቻና ለሐብል ግን ከበቂ በላይ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይግዙ። በሊትር ከ8 እስከ 10 ግራም ወርቅ ያለው ይሁን፤ 1 እና 2 ግራም ብቻ ያላቸው ለቀለም ያህል ለሚነካ ስስ ቅብ የተሠሩ ናቸው፤ 1 ማይክሮን ለመጣል ያስቸግራሉ። ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ በ8 ግራም ሂሳብ ውስጡ 4 ግራም ወርቅ አለ ማለት ነው።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ወርቅን በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቅልቅል አሟሙቶ ያንኑ ቢጫ ውሃ እንደ ማልበሻ መጠቀም አይሠራም። ናሱ ገና ሲነካው መብራት ሳይያያዝ ወርቁን ጎትቶ ያወጣዋል። የሚያርፈው ቡናማ፣ እንደ ጥላሸት የሚለቅ ዱቄት ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ቢጨምሩበትም አይያዝም።

የሚያስፈልግ ዕቃ

ከ0 እስከ 15 ቮልት፣ እስከ 3 አምፔር የሚስተካከል፣ አምፔሩን መቆለፍ የሚችል የዲሲ ፓወር ሰፕላይ። ብዙዎቹ አምፔሩን የሚያሳዩት በ10 በ10 ሚሊ አምፔር እርከን ብቻ ስለሆነ፣ ለወርቁ ደረጃ ቴስተር በ200 ሚሊ አምፔር መስመር ላይ አድርገው በተከታታይ ያያይዙ። የእኛ መስቀል የሚፈልገው 60 ሚሊ አምፔር ነው፤ በ10 መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ሙቀት የሚችሉ 600 ሚሊ ሊትር የመስታወት ቢከሮች፣ በምድጃ ላይ የሚቀመጥ ሰፊ ድስት (ቢከሩ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆማል እንጂ ምድጃው ላይ በቀጥታ አይጣድም)፣ 1 ሚሊ ግራም እንኳ ለይቶ የሚመዝን የጌጥ ሚዛን፣ የፒኤች (የአሲድነት ደረጃ) ወረቀት ወይም መለኪያ፣ ቴርሞሜትር። ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ሲፈትሹ 100 አይጠብቁ፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። እዚህ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ስድስት ዲግሪ ይዋሻል።

አኖድ (ከፖዘቲቭ ጋር የሚያያዘው ብረት)፦ ለወርቁ ፕላቲነም የተቀባ የታይታኒየም መረብ፣ ስፋቱ ከዕቃው ቢያንስ እጥፍ የሆነ። ለኒኬሉ ንጹሕ ኒኬል በጨርቅ ከረጢት ውስጥ፤ ለማጽጃው የማይዝግ ብረት። ወርቁ ውስጥ ተራ ብረት፣ ናስ ወይም የመዳብ ሽቦ እንደ አኖድ አይግባ፤ ሟሙቶ ውህዱን ይበክለዋል።

ውሃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲገዙ የተጣራ ውሃም የባትሪ አሲድም በአንድ ስም ሊሸጥ ይችላልና በፒኤች ወረቀት ሳይነኩ አይጠቀሙ። ንጹሕ ከሆነ የቲዲኤስ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር) መለኪያው ከ5 በታች ያሳያል። የክረምት ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ከሆነ ዚንክ ስላለው አይሆንም። ለመጀመሪያ ዙር ማጠቢያ የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ ከወርቁ በፊት ያለው የመጨረሻ ማጠቢያና ውህዱን መሙያው ግን የተጣራ ብቻ ነው።

ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የተከፈተ መስኮት። ቡና በሚፈላበት ክፍል ይህ ሥራ አይሠራም። ማንኛውም አሲድ ወይም ውህድ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ የተጠማ ሰው አንስቶ ይጠጣዋል።

ስፋቱን ማስላት

ስፋቱን የማያውቅ ሰው አምፔሩንም ደቂቃውንም አያውቅም። ጥልፍልፍ መስቀል በማስመሪያ አይለካም፤ ሚዛን ግን ይለካዋል። ናስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። 8.9 ሲካፈል ለ8.5፣ 1.05 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያን በውፍረቱ በ0.15 ሴንቲ ሜትር ስናካፍል የአንዱ ፊት ስፋት 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ፊት 14። ጠርዙን ለማግኘት ክር ወስደው የውጭውን ዙሪያና የእያንዳንዱን ቀዳዳ ዙሪያ ይከተሉ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ከወጣ በ0.15 ሲባዛ 6 ይሆናል። በድምሩ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም 0.2 ካሬ ዴሲሜትር። ቀለበቱና ማንጠልጠያው ጥቂት ይጨምራሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን ልዩነቱ አይጎዳም።

ከዚህ በኋላ ሂሳቡ የፋራዴይ ሕግ ነው። በሰልፋይት ውስጥ እያንዳንዱ የወርቅ አዮን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ይቀበላል፤ ስለዚህ አንድ ኩሎም (አንድ አምፔር ለአንድ ሰከንድ) 2.04 ሚሊ ግራም ወርቅ ያወርዳል፤ በአምፔር ሰዓት 7.35 ግራም። ወርቅ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ስለሚመዝን፣ በ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ማይክሮን ማለት 38.6 ሚሊ ግራም ነው። በካሬ ዴሲሜትር 0.3 አምፔር ብንሰጥ ለመስቀላችን 0.06 አምፔር ይደርሰዋል። ሁሉም ኃይል ወርቅ ቢያወርድ 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይበቃ ነበር፤ በ90 በመቶ ብቃት ሲታሰብ 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። አንድ ግራም ወርቅ በዚህ ውፍረት 25 መስቀል ያለብሳል።

ማለስለስና ማጽዳት

ወርቅ ቅብ ጭረት አይሸፍንም፤ ያጎላዋል እንጂ። በ400፣ በ600፣ በ1000 እና በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል ከሄዱ በኋላ በማለስለሻ ሞተር ይጨርሱ። በስታኞ የተበየደ ነገር ካለ ሥራውን አይቀበሉ፤ ወይም በብር ብየዳ እንዲሠራ ይመልሱ። ቆርቆሮና እርሳስ ያለው ብየዳ ሁሉንም ውህድ ይበክላል፤ በላዩ ላይ ያረፈው ቅብም ይጠቁራል።

ከአሮጌ የውሃ መክፈቻ የቀለጠ ናስ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለው። አሲድ ውስጥ ሲገባ ነጭ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ካወጣ እሱ ነው፤ በውሃ ውስጥ በብሩሽ ካልለቀቀ ቅቡ አይጣበቅም።

የፖሊሹ ሰም መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በላርጎ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። አልትራሳውንድ ማጠቢያ ካለ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ መስቀሉ በእጅ አይነካም። 0.8 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በማንጠልጠያው ውስጥ አስገብተው አጥብቀው ይጠምዝዙት፤ የላላ ሽቦ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ውህዱ ውስጥ የሚገባውን የሽቦ ክፍል የጥፍር ቀለም ይቀቡት፤ መስቀሉን የሚነካውን ቦታ ብቻ ሳይቀቡ ይተዉት።

የኤሌክትሪክ ማጽጃው በአንድ ሊትር ውሃ 30 ግራም ሶዳ አሽና 15 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል። መስቀሉ ከነጌቲቭ፣ የማይዝግ ብረቱ ከፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፤ 1 አምፔር ገደማ፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። ከመስቀሉ ላይ የሚነሳው አረፋ ቅባቱን እየገፋ ያወጣዋል። ገመዱን መገልበጥ አይሆንም፤ ናስ በፖዘቲቭ በኩል ከቆየ ዚንኩ እየተበላ ገጽታው ይቀላል፣ ይደበዝዛል።

በውሃ ካጠቡ በኋላ ፈተናው ይመጣል፤ ይህን ደረጃ መዝለል አይፈቀድም። መስቀሉን ከንጹሕ ውሃ አውጥተው ወደ መስኮቱ ያዘንብሉትና ሃያ ይቁጠሩ። የጸዳ ናስ ላይ ውሃው እንደ አንድ ስስ ሉሕ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ግን ሉሑ ይሸሻል፤ ጠርዙ ወፈር ያለ ትንሽ ደረቅ ደሴት ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ማንጠልጠያው ከመስቀሉ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይና ጥልፍልፉ በሚሻገርበት የውስጥ ጥግ ነው፤ የማለስለሻው ጨርቅ እዚያ አይገባም፣ ሰሙ ግን ይገባል። አንዲት ደሴት እንኳ ካየን ተመልሰን በብሩሽ እንጀምራለን። ወርቅ ኋላ የሚላጠው በዚያች ቦታ ነው።

ውሃው ካልተቆራረጠ መስቀሉ አሲድ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይነከራል። አሲዱን ከአዲስ የባትሪ አሲድ መሥራት ይቻላል፦ 4 እጅ ውሃ ላይ 1 እጅ አሲድ፣ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው እየተጨመረ። ከአሮጌ ባትሪ የተገለበጠ ግን እርሳስ ስላለበት አይነካም።

ኒኬል

ናስ ላይ በቀጥታ ወርቅ ቢያርፍ በመጀመሪያው ቀን ያምራል። መዳቡና ዚንኩ ግን በስሱ ወርቅ ውስጥ እየሰረጉ ይወጣሉ፤ ከወራት በኋላ ቅቡ ይቀላል፣ ይጠወልጋል። መሐል ላይ የሚገባው ኒኬል ያን መንገድ ይዘጋል፤ ከሥሩ ጠንካራ መደብ ይሆናል፤ ብሩህ ከሆነም ወርቁን ብሩህ ያደርገዋል።

የተለመደው ውህድ በሊትር 250 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 45 ግራም ኒኬል ክሎራይድና 35 ግራም ቦሪክ አሲድ ነው፤ ኒኬሉን ብሩህ የሚያደርገው ማብሪያ ሻጩ ባለው መጠን ይጨመራል። ፒኤች 4፣ ሙቀት 50 ዲግሪ። በካሬ ዴሲሜትር 3 አምፔር ማለት ለመስቀላችን 0.6 አምፔር ነው፤ ከ8 እስከ 9 ደቂቃ 5 ማይክሮን ይጥላል። ቦሪክ አሲዱን «ለምንም አይጠቅም» ብለው የሚተዉት አሉ፤ ጠርዞቹ እየተቃጠሉ ሲሰነጠቁ ምክንያቱ እሱ ነው። ከዕቃው አጠገብ ያለው ፒኤች እንዳይወጣ የሚይዘው ቦሪክ አሲድ ነውና። የኒኬል ጨው ዱቄቱ አይተነፈስም፤ ሲመዘን ጭንብል ያድርጉ።

ጆሮ ውስጥ ለሚገባ የጉትቻ እጀታ ግን ኒኬል አይደረግ። ቆዳቸው ኒኬል የማይቀበል ሰዎች አሉ፤ ስስ ወርቅ ቀዳዳ ስላለው አይከላከልላቸውም። እነዚህን በብር ይሥሩ፤ ብሩ ላይ ወርቁን በቀጥታ ወፈር አድርገው፣ 2.5 ማይክሮን ይጣሉ። ከጠገራ ብር የቀለጠ ከሆነ ንጣቱ 83.3 በመቶ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ከመለበሱ በፊት በአሲድ ላዩ ይነጻ። ለብር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይጠቀሙ፤ የማይሟሟ ነጭ ሽፋን ይተውበታል።

ወርቅ

ከኒኬል ወደ ወርቅ ያለው ጉዞ ከሁሉ የሚያጣድፈው ነው። ኒኬል አየር ሲነካው በዓይን የማይታይ ሽፋን ይለብሳል፤ ወርቁ በዚያ ላይ ያርፋል እንጂ አይያያዝም፤ ኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ስለዚህ ከኒኬል ከመውጣቱ በፊት ወርቁ ሞቆ፣ ፓወር ሰፕላዩ ተስተካክሎ፣ የማጠቢያ ውሃዎቹ ተደርድረው ይጠብቁ። መስቀሉ በፍጹም አይድረቅ።

1. ከኒኬል አውጥቶ በቧንቧ ውሃ ማጠብ፣ 15 ሰከንድ።
2. በዚያው ዓይነት አዲስ አሲድ ውስጥ መንከር፣ 10 ሰከንድ። ለናሱ ያገለገለው አሲድ መዳብ ስላለበት ለዚህ አይሆንም።
3. በተጣራ ውሃ፣ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ማጠብ።
4. ከሰልፋይቱ ጋር በሚሸጠው መያዣ ውህድ (ዋናው ወርቅ እንዲያያዝ መጀመሪያ ስስ ቅብ የሚጥል፣ ወርቁ በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም የሆነ) ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ማልበስ፣ በ0.2 አምፔር ገደማ። ሳይናይድ የሌለበት መሆኑን ወረቀቱ ላይ ያንብቡ። ገመዱ ተያይዞ፣ ኃይሉ በርቶ ነው የሚገባው።
5. እንደገና በተጣራ ውሃ ማጠብ። አሲድነት ያለው መያዣ ወደ ሰልፋይቱ ከተሻገረ ፒኤቹን ይጥለዋል።
6. ወደ ወርቁ፣ በ60 ሚሊ አምፔር፣ 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ።

ወርቁ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ይሁን፤ ፒኤቹ ሻጩ ባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ8.5 እና በ9.5 መካከል። መስቀሉ በዝግታ ይንቀሳቀስ፤ ማግኔቲክ ማማሰያ ካለ እሱ ይበቃል፤ ከሌለ በእጅ ከጎን ወደ ጎን። አኖዱ በቢከሩ ግድግዳ ዙሪያ ቢጠቀለል የጥልፍልፉ ውስጥም ይደርሰዋል። በሦስተኛው ደቂቃ ኃይሉ እንደበራ ሽቦውን ትንሽ አዙረው የተነካበትን ቦታ ይቀይሩ። ቮልቱ በአብዛኛው ከ3 አያልፍም፤ 60 ሚሊ አምፔር ለማግኘት 5 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ የሆነ ቦታ ሽቦው አልተያያዘም።

ሲወጣ የመጀመሪያው ማጠቢያ ትንሽ የተጣራ ውሃ ያለበት የተለየ ቢከር ነው። በዚያ ውስጥ ወርቅ ይቀራል፤ አይደፋም። ውህዱ በሙቀት ሲጎድል ቢከሩ ላይ በፕላስተር ያሰመሩት ምልክት ድረስ በዚሁ ውሃ ይሞላል። ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ፣ በሙቅ የተጣራ ውሃ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ።

ውህዱ ልክ እየሠራ ነው?

መስቀሉን ከወርቁ በፊት ልንመዝነው አንችልም፤ ሲደርቅ ኒኬሉ ይበላሻልና። መፍትሔው ምስክር ቁራጭ ነው፦ 2 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ኒኬልና ወርቅ አንድ ጊዜ የለበሰ የናስ ቅጠል። ሁለቱ ፊቱ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይደርቅ፣ ይመዘን፣ በ60 ሚሊ አምፔር 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይለብስ፣ ደርቆ እንደገና ይመዘን። ሙሉ ብቃት 43 ሚሊ ግራም ነው። ከ38 በላይ ከጨመረ ደህና ነው፤ 30 ከሆነ አንድ ሦስተኛው ኃይል ወርቅ ሳያወርድ ባክኗል፤ ወርቁ አንሷል፣ ቀዝቅዟል ወይም ተበክሏል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው ደንበኛው ሲመለስ አይደነግጥም።

ደብተር ይያዙ፦ ስንት መስቀል፣ ስንት ሚሊ አምፔር፣ ስንት ደቂቃ። 13 መስቀል ግማሽ ግራም ወርቅ ይወስዳል፤ ከ4 ግራሙ አንድ ስምንተኛ ያህል። ከሻጩ የሚገዛው የወርቅ መሙያ ያኔ ይጨመር፤ ቀለሙ እስኪገረጣ አይጠበቅ።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

ጠርዙና ጫፉ ቡናማ፣ እንደ አቧራ የደበዘዘ፦ አምፔሩ በዝቷል ወይም ማማሰያው ቆሟል። ወርቁ ሲያንስም ያው ይመጣል። ቀለሙ ወደ ቀይ ካዘነበለ መዳብ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ ከማንጠልጠያው ሽቦ ወይም ቢከሩ ሥር ወድቆ ከተረሳ ዕቃ። የገረጣና አረንጓዴ የሚመስል ቢጫ ከብር ነው።

እንደተጫረ ክብሪት የሚሸት ከሆነ ፒኤቹ ወርዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነው። ምድጃውን ያጥፉ፣ መስኮቱን ይክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው ይውጣ። ፒኤቹ ሻጩ ባዘዘው አልካሊ በጠብታ ይመለሳል። በቢከሩ ሥር ቡናማ ወይም ጥቁር ደለል ካለ ውህዱ እየፈረሰ ነው፤ ያ ደለል ወርቅ ነውና በማጣሪያ ወረቀት ይያዝ፣ አይጣል። መንስኤው በአብዛኛው ከ60 ዲግሪ በላይ ማሞቅ፣ የወረደ ፒኤች ወይም ሰልፋይቱ በአየርና በአኖዱ ላይ ማለቁ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ውህዱ እስከ አንገቱ በሞላ ጥቁር ጠርሙስ፣ ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

ካማረ በኋላ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እንደ ጠቃጠቆ የሚወጣ ነጥብ የወርቁ ጥፋት አይደለም። በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ናስ ቀዳዳ አለው፤ አሲዱና ውህዱ እዚያ ገብቶ ቆይቶ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በየደረጃው በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ እያፈራረቁ ያጥቡት፤ ቀዳዳው በዓይን የሚታይ ከሆነ ግን መልሶ ማቅለጥ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ዕቃው ውህዱ ውስጥ አይቆይ፤ ወዲያው ይውጣ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይቆይ። በኒኬል መሐል ከሆነ መብራት ሲመጣ በኤሌክትሪክ ማጽጃው 10 ሰከንድ፣ ከዚያ አሲድ፣ ከዚያ እጥበት አድርጎ ነው የሚቀጠለው፤ በቀጥታ ከቀጠሉ ሁለቱ ኒኬሎች ተለያይተው ይላጣሉ። በወርቅ መሐል ከሆነ ታጥቦ አሲድ ነክቶ እንደገና ታጥቦ ይቀጥላል፤ ወርቅ በወርቅ ላይ አያስቸግርም። ለወርቁ ደረጃ ብቻ ከሆነ አንድ የባጃጅ ባትሪና አምፔር የሚቆልፍ ትንሽ የቮልት መቀነሻ ይበቃል፤ 60 ሚሊ አምፔር ለባትሪው ምንም አይደለም። ኃይል የሚበላው ምድጃው ነው፤ ሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ ያለበትን ድስት በብርድ ልብስ ከጠቀለሉት ግን አንድ መስቀል ለመጨረስ የሚበቃ ሙቀት ይይዛል።

ቆሻሻው

ከባሕር ዳር መንገድ ዳር ቦይ የሚፈስ ሁሉ መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ መድፋትም አይሆንም፤ በሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው።

የኒኬል ማጠቢያ ውሃ በፕላስቲክ በርሜል ይጠራቀም። ኖራ እየጨመሩ ፒኤቹን ወደ 10 ሲያደርሱ ኒኬሉ እንደ አረንጓዴ ሙጫ ይቋጠራል፤ አዳር ይዘቅጣል። በጨርቅ ይጣራ፤ ደለሉ ደርቆ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ። ከላይ የቀረው ውሃም ወደ ቦይ አይሄድም፤ በጋ ላይ በሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ፀሐይ ላይ ይተናል። በክረምት ትሪው ዝናብ ሞልቶት ስለሚፈስ በርሜሉን እስከ ጥቅምት የሚይዝ አድርገው ይምረጡት። የናሱ አሲድና የማጽጃው ሶዳ በርሜሉ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ቢቀላቀሉ ይረጋጋሉ፤ የወርቁ ውህድና የወርቁ ማጠቢያ ግን ከዚያ ጋር አይገናኙም። የእነሱ ጄሪካን የተለየ ነው፤ ያረጀው ሁሉ፣ የማጣሪያ ወረቀቱም ሳይቀር፣ ተሰብስቦ ወርቅ ለሚያነጥር ይሸጣል።